የእስያ ክሩዝ ሚሳይሎች፦ ቅርጹን ተዉትና ሞተሩን እዩ

ሞተር አንባቢ፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ሚሳይል በተነሳ ቁጥር ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍና "ይኸው ኮፒ ነው" ተብሎ ወሬው ይዘጋል። የፓኪስታኑ ባቡር የአሜሪካው ቶማሃውክ ኮፒ (ባቡር የሞጉል ንጉሥ ስም ነው፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደው አይደለም)፣ የኢራኑ ሱማር የሶቭየት ኮፒ፣ የቻይናው ደግሞ የሁሉም ኮፒ። እኔ በዚህ አካሄድ አልስማማም።

ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚበር፣ ረጅም ርቀት የሚሄድ ክሩዝ ሚሳይል ባጭሩ ሰው የሌለበት ትንሽ ጄት ነው። ቀጭን ቱቦ፣ የሚታጠፍ ክንፍ፣ ጭራ፣ ከኋላ ሞተር፣ በቃ። የቶማሃውክ ውፍረት 52 ሴንቲ ሜትር ነው። የሶቭየቱ ኬኤች-55 ደግሞ 51 ከምናምን። አንዱ ሌላውን ሰርቆ አይቶ ነው ትሉኛላችሁ፤ ይሁን፣ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ሁለቱም ወገኖች ከሰርጓጅ መርከብ የቶርፒዶ ቱቦ የሚወጣ ሚሳይል ይፈልጉ ነበር፣ ኬኤች-55ም ከአውሮፕላን ቢጣልም የባሕር ወንድም አለው። ቱቦው በሁለቱም ዘንድ 53.3 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባ ነገር ስትሠራ ቅርጹን የሚመርጥልህ ቱቦው ነው። ገበያ ላይ ያለ ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ስለሆነ አንድ ፋብሪካ ሠራው አይባልም።

ዘሩ የሚታወቀው በሞተሩ ነው። ቶማሃውክ ሞተሩን ሆዱ ውስጥ እንደያዘ ይበራል፣ ወደ ውጭ ብቅ የምትለው አየር ማስገቢያዋ ብቻ ናት። ኬኤች-55 ግን ከአውሮፕላኑ ሲለቀቅ ሆዱ ይከፈትና ሞተሩ በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩ አር95-300 የሚባል ቱርቦፋን (ፊቱ ላይ ማራገቢያ ያለው ነዳጅ ቆጣቢ የጄት ሞተር) ነው፣ 100 ኪሎ አይሞላም፣ ሚሳይሉን ግን 2,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ይነዳዋል። እንዲህ ያለ ትንሽ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር መሥራት የቻሉ አገሮች በጣት ይቆጠራሉ። የእስያ ታሪክ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፦ ቱቦውን ሁሉም ሠራው፣ ሞተሩን ግን ከየት አመጣው?

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳታምታቱብኝ።)

ደፋሩ፦
ብሮ ረጅም ጻፍክ ግን ባቡርን አላስተባበልክም። ኦገስት 1998 አሜሪካ ቶማሃውክ ስትተኩስ ፓኪስታን ላይ ወድቋል። በ2005 ፓኪስታን ባቡርን አሳየች። 7 ዓመት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ሞተር አንባቢ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ ታሪኩም እውነት ነው። ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉት ኤምባሲዎች ከተመቱ በኋላ፣ ኦገስት 20 ቀን 1998 አሜሪካ ቶማሃውኮችን ወደ አፍጋኒስታን ሰደደች። በዚያው ቀን ካርቱም ውስጥ አል ሺፋ የሚባለውን የመድኃኒት ፋብሪካም መታች፣ ማለትም ጎረቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር። ወደ አፍጋኒስታን የሄዱት ከዐረብ ባሕር ተነስተው በፓኪስታን ሰማይ ነው ያለፉት። ቢያንስ አንዱ ሳይፈነዳ ባሉቺስታን ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ባቡር ኦገስት 11 ቀን 2005 ተሞከረ።

ግን እስቲ አስበው። የወደቀ ሚሳይል እጅህ ገባ። ክንፉን ትለካለህ፣ የቱቦውን ብረት ትመረምራለህ፣ አየር ማስገቢያው እንዴት እንደሚወጣ ታያለህ። እሺ የሞተሩ ምላጮችስ? ከምን ቅይጥ እንደተሠሩ ላቦራቶሪ ይነግርሃል፣ እንዴት እንደተቀረጹና እንዴት ሙቀት እንደሚችሉ ግን ፍርስራሹ አይነግርህም። ሚሳይሉ መንገዱን የሚያገኝበት የመሬት አቀማመጥ ካርታና ሶፍትዌሩም ከዚያ አይገኝም። ስለዚህ ፓኪስታን ከቶማሃውክ ሐሳብ ወስዳለች፣ ይህን ማንም አይክደውም። ሞተሩን ግን ከዚያ በረሃ አላነሳችውም። የቻይና እጅ አለበት የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ወደዚያ አደላለሁ።

ጋሽ ባሕረኛ፦
ልጆች፣ ከቶማሃውክ ብትጀምሩ ግማሹን ታሪክ ትታችሁታል። የእስያ የባሕር ሚሳይል አያት የሶቭየቱ ፒ-15 ቴርሚት ነው። ኔቶዎች ስቲክስ ይሉታል። በደርግ ጊዜ የእኛም ባሕር ኃይል ኦሳ የሚባሉት የሶቭየት ሚሳይል ጀልባዎች ነበሩት። ጀልባዋ ትንሽ ናት፣ ጀርባዋ ላይ አራት ማስወንጨፊያ ተሸክማለች፣ እያንዳንዱ ውስጥ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን ሚሳይል።

ሞተሩ ጄት አይደለም፣ ፈሳሽ ነዳጅ የሚያቃጥል ሮኬት ነው። ነዳጁን የሚያነደው ፈሳሽ ናይትሪክ አሲድ ያለበት ነው፣ ቆዳ ይልጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። የሚሞሉት ሰዎች የጎማ ልብስና ጭንብል ያጠልቁ ነበር። ሞልተህ ለረጅም ጊዜ ማቆየትም አትችልም፣ ታንኩን ይበላዋል። አየር ከውጭ ስለማይስብ የሚያነደውን ሁሉ ራሱ መሸከም አለበት፣ ስለዚህ ርቀቱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተር አንባቢ ያነሳው ነገር እዚህም ይሠራል።

ይሄው ሚሳይል ኦክቶበር 21 ቀን 1967 በግብፅ ጀልባዎች ተተኩሶ የእስራኤልን የጦር መርከብ ኢላትን አሰጠመ። ዲሴምበር 1971 የህንድ ጀልባዎች ካራቺ ደጃፍ ድረስ ሄደው የፓኪስታንን የጦር መርከብ ካይበርን አሰጠሙበት። ቻይና ደግሞ ከሶቭየት ጋር ሳትጣላ በፊት ፈቃዱን ወስዳ ነበር፣ ከዚያ ተነስታ ሲልክዎርም የሚባለውን ዘር አራባች። ኦክቶበር 1987 ኩዌት ውስጥ ሲ አይል ሲቲ የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ የመታው እሱ ነው፣ ኢራን የተኮሰችው። ህንድ፣ ቻይና፣ ሰሜን ኮሪያ፣ ኢራን፣ ሁሉም የጀመሩት ከዚህ ነው።

ደፋሩ፦
ጋሼ እናመሰግናለን 🙏 ስለ ኦሳዎቹ ሌላ ክር ይክፈቱልን እባክዎ። ምጽዋ ምን ሆኑ የሚለውን ሁሌ ነው የምጠይቀው።

ጋሽ ባሕረኛ፦
እመለስበታለሁ። እዚህ ላይ ካነሳሁት የእናንተ ርዕስ ይጠፋል።

ሊያ ከደማም፦
እኔ ስለ ቴክኒኩ ብዙም አላውቅም፣ ግን ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 አብቃይቅ ያለው የሳዑዲ የነዳጅ ማጣሪያ ጣቢያ ሲመታ እዚሁ ነበርኩ። ቅዳሜ ነው። ማለዳ ስልኬ በመልእክት ተሞልቶ ነው የነቃሁት፣ ከአገር ቤት ሁሉም "ደህና ናችሁ?" ይላል። በኋላ ሳዑዲ ፍርስራሹን ጋዜጠኞች ፊት ደርድራ አሳየች። 18 ድሮንና 7 ክሩዝ ሚሳይል ተባለ። ያ የሚሳይሉ ስብርባሪ ከየት የመጣ ዘር ነው? የመኖች "እኛ ነን የተኮስነው" አሉ፣ ሳዑዲ ኢራን ናት አለች።

ሞተር አንባቢ፦
ሊያ እንኳን ተረፋችሁ። ያንቺ ጥያቄ ለዚህ ክር ልክ የተሰፋ ነው።

መጀመሪያ የኢራንን መነሻ ልንገርሽ። ሶቭየት ስትፈርስ ከ1,000 በላይ ኬኤች-55 ዩክሬን ውስጥ ቀሩ። ዩክሬን 575 ያህሉን በጋዝ ዕዳ ፈንታ ለሩሲያ መለሰች (እነዚያ ሚሳይሎች በኋላ ወደ ራሷ መተኮሳቸው ሌላ መራራ ታሪክ ነው)። በዚያ ግርግር መሃል 18ቱ በሐሰት ወረቀት ወጡ። በ2005 የዩክሬን ዋና ዐቃቤ ሕግ ራሱ አመነ፣ 12 ወደ ኢራን፣ 6 ወደ ቻይና። አስተውይ፣ ይሄ እንደ ባሉቺስታኑ ፍርስራሽ አይደለም። ሙሉ ሚሳይል ነው፣ ሞተሩ ውስጡ ያለ። ማርች 2015 ኢራን ሱማርን ስታሳይ ኬኤች-55ን የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ለየው፣ የተጨመረው ከመሬት የሚያስነሳው ሮኬት ነው። በ2019 ደግሞ ሆቬይዜህ መጣ፣ 1,350 ኪሎ ሜትር ይሄዳል አሉ።

አሁን ወደ አብቃይቅ። እዚያ የተገኘው ክሩዝ ሚሳይል ኩድስ-1 የሚባለው ዓይነት ነው። ሱማር ነው ብለው የጻፉ ነበሩ፣ ግን አይደለም። ኩድስ ከሱማር በጣም ይቀጥናል። ክንፉ ቋሚ ነው፣ ሞተሩም ጀርባው ላይ ቋሚ ሆኖ ተቀምጧል፣ የሚወርድ የሚወጣ ነገር የለውም። ሞተሩ ራሱ ቱርቦፋን አይደለም፣ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ትንሽ ቱርቦጄት (ማራገቢያ የሌለው ቀለል ያለ የጄት ሞተር) ነው። የቼክ ሪፐብሊክ ፒቢኤስ ኩባንያ ቲጄ100 የሚባል ሞተር ይሠራል፣ ለድሮንና ሞተር ላላቸው ግላይደሮች። የኩድሱ ሞተር እሱን ቁጭ ነው፣ ግን የፋብሪካ ምልክት የለውም፣ ያለፈቃድ የተቀዳ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ነው የኢራን ብልጠት የሚታየኝ። የኬኤች-55ን ሞተር በብዛት ማምረት ከባድ ነው። ስለዚህ ርቀት ቀነሱ፣ ክብደት ቀነሱ፣ ከሲቪል ገበያ የሚታወቅ ቀላል ሞተር አሰሩበት፣ እና የሚበር፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ነገር አገኙ። ከሰባቱ ሦስቱ መንገድ ላይ ወድቀው ቀርተዋል፣ አራቱ ኩራይስ የሚባለው የነዳጅ ጣቢያ ላይ አርፈዋል። አብቃይቅን የደበደቡት ድሮኖቹ ናቸው። ግን በዚያ አንድ ማለዳ ምን ሆነ? ሳዑዲ በቀን 5.7 ሚሊዮን በርሜል ምርት አቆመች።

ሊያ ከደማም፦
አሃ፣ ቱሪስት የሚጫወትበት ግላይደር ሞተር! 😳 አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ።

ፑኔ የተማረው፦
ወንድሞች ሁሉም ከድምፅ በታች ያሉትን ብቻ እያወራ ነው፣ ብራህሞስስ? ህንድ እያለሁ የሪፐብሊክ ቀን ሰልፍ ላይ ሲያልፍ ሕዝቡ እንደ ክሪኬት ቡድን ነበር የሚጮህለት። ፌብሩዋሪ 1998 ህንድና ሩሲያ ተፈራረሙ፣ ስሙን ከብራህማፑትራና ከሞስክቫ ወንዞች አወጡለት፣ ድርሻው 50.5 ለህንድ 49.5 ለሩሲያ። ጁን 12 ቀን 2001 ቻንዲፑር ላይ ተሞከረ። በማክ 2.8፣ ማለትም በድምፅ ፍጥነት 2.8 እጥፍ ይበራል። አሁን ፊሊፒንስ ገዝታለች፣ በ2022 በ375 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዋውላ ኤፕሪል 2024 የመጀመሪያውን ተረክባለች። ይሄ እንኳን ኮፒ አይደለም!

ሞተር አንባቢ፦
ኮፒ አይደለም፣ ልክ ነህ። ግን ሙሉ በሙሉ አዲስም አይደለም። ብራህሞስ ማለት የሩሲያው ፒ-800 ኦኒክስ ነው፣ ለውጭ ሽያጭ ያክሆንት የሚሉት፣ ሶቭየት እያለች የተጀመረ ሥራ። ለዚህ ነው በ3 ዓመት ውስጥ ለሙከራ የደረሰው። ቬትናምና ኢንዶኔዥያም ያክሆንቱን ገዝተዋል፣ ስለዚህ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ያክስት ልጆቹ አሉ።

ሞተሩ ራምጄት ነው። ራምጄት የሚሽከረከር ክፍል የለውም፣ አየሩን የሚያጭቀው የራሱ ፍጥነት ነው። ቆሞ አይነሳም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠጣር ነዳጅ ያለው ሮኬት ከድምፅ በላይ ያደርሰዋል። ተኩሱን በቪዲዮ ቀስ አድርገህ ብታየው ደስ ይላል። ሚሳይሉ ከቱቦው ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አፍንጫው ላይ ያለው ክዳን ትንንሽ ሮኬቶች አሉበት፣ ፉት ፉት ብለው ወደ ዒላማው ያጋድሙታል፣ ክዳኑ ይወድቃል፣ ያኔ መሃሉ ላይ ሾጣጣ ያለበት ክብ አፍ ይገለጣል። አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ዋጋው ግን ክብደት ነው። ብራህሞስ ከመሬትና ከመርከብ ሲተኮስ 3 ቶን ገደማ ነው፣ መጀመሪያ የተነገረለት ርቀት 290 ኪሎ ሜትር። ኬኤች-55 የዚያን ግማሽ እየመዘነ ስምንት እጥፍ ይሄዳል።

ደፋሩ፦
290? ለምን 300 አይሞላም? ሆን ተብሎ ነው የሚመስለው።

ሞተር አንባቢ፦
ሆን ተብሎ ነው! ሩሲያ የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነት አባል ናት፣ 500 ኪሎ ተሸክሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ነገር ለውጭ መስጠት እዚያ በጥብቅ የተገደበ ነው። ህንድ በጁን 2016 ራሷ አባል ሆነች፣ ብዙም ሳይቆይ ብራህሞስ ወደ 450 ኪሎ ሜትር "አደገ"። ድንቅ ነው፣ ወረቀት ሲፈረም ሚሳይል ይረዝማል 😄

ጠርጣራው፦
እሺ ማን ይበልጣል ታዲያ? ፈጣኑ ወይስ ቀርፋፋው? ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄዱ።

ሞተር አንባቢ፦
ዒላማህ ምንድን ነው? መርከብ ከሆነ ፈጣኑ። ቁጥሩን እንሥራው። ባሕሩን ታክኮ የሚመጣ ሚሳይል ከምድር ክብነት የተነሳ ለመርከብ ራዳር የሚታየው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ብራህሞስ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ መርከበኞቹ የሚያገኙት ግማሽ ደቂቃ ነው። ከድምፅ በታች ያለው ከሆነ 2 ደቂቃ አላቸው። 2 ደቂቃ ብዙ ነው።

ዒላማህ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ድልድይ ወይ ማከማቻ ከሆነ ግን ብራህሞስ አይደርስም። ዝቅ ብሎ ተራራ እየዞረ በ800 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄደው ነው የሚሠራልህ።

ቻይና ሁለቱንም ለማግኘት ሞክራለች። ዋይጄ-18 አብዛኛውን መንገድ ከድምፅ በታች ይጓዝና መጨረሻ ላይ የፊት ክፍሉ ተለያይቶ ከድምፅ ሁለት እጥፍ በላይ ይስፈነጠራል። ይህ ሐሳብ የሩሲያው 3ኤም-54 ክለብ ነው፣ ቻይና ኪሎ ከሚባሉት የሩሲያ ሰርጓጅ መርከቦች ጋር ገዝታው ነበር። በ2009 ሰልፍ ላይ የታየው ሲጄ-10 ደግሞ የረጅም ርቀቱ ነው፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይባልለታል። እነዚያን 6 ኬኤች-55 አስታውሱ።

ቀይ ባሕር ተመልካች፦
ቻይናን ካነሳችሁ ሲ-802ን አትዝለሉት፣ ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን እሱ ነው። ቻይና ሲ-801ን በሮኬት ሠራች፣ ቀጥላ ቱርቦጄት አስገባችበትና 802 ሆነ። ኢራን ገዛችው፣ በ1997 በአሜሪካ ጫና ቻይና መሸጥ አቆማለሁ ስትል ኢራን ኑር ብላ ራሷ ማምረት ያዘች። ጁላይ 14 ቀን 2006 ከሊባኖስ ተተኩሶ የእስራኤልን የጦር መርከብ ሀኒትን መታ፣ 4 መርከበኞች ሞቱ። ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ደግሞ ስዊፍት የምትባለዋ የኤምሬትስ መርከብ ባብ ኤል ማንደብ አጠገብ ተመታች፣ በአሰብና በየመን መካከል ትመላለስ የነበረችው። ፎቶዋን ያየ ያውቃል፣ ፊቷ ተቃጥሎ ክፍት ነበር። ያም ከዚሁ ቤተሰብ እንደሆነ ነው የሚታመነው። በርበራና ጅቡቲ የሚገባ ዕቃችን የሚያልፍበት ውሃ ነው ይሄ።

ጠርጣራው፦
ታይዋንና ኮሪያስ? ወይስ እነሱ ሚሳይል የላቸውም? 😏

ታይፔ ያለሁት፦
አሉን ባክህ። ሲዩንግ ፌንግ አንድ ከእስራኤሉ ገብርኤል ሚሳይል የተወለደ ነው፣ ሁለተኛው የአሜሪካውን ሃርፑን ይመስላል፣ ሦስተኛው ግን በራምጄት የሚበር የራሳቸው ሥራ ነው። እና ይሄ ሦስተኛው ጁላይ 1 ቀን 2016 ዙዎዪንግ ወደብ ላይ መርከብ ውስጥ ልምምድ ሲደረግ በስህተት ተተኮሰ። 75 ኪሎ ሜትር ያህል በሮ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ በስቶ አለፈ፣ የጀልባው አዛዥ ሞተ። የሄደው ወደ ቻይና አቅጣጫ ነው፣ ዕለቱ ደግሞ የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ 95ኛ ዓመት በዓል። የዚያን ቀን የነበረውን ድንጋጤ እዚህ ያሉ ሰዎች አሁንም ያወሩታል።

ፑኔ የተማረው፦
ብራህሞስም እንዲሁ አድርጓል እኮ። ማርች 9 ቀን 2022 ፈንጂ ሳይጫንበት ከህንድ አምልጦ ፓኪስታን ሚያን ቻኑ ወደቀ። 124 ኪሎ ሜትር ፓኪስታን ውስጥ ገብቶ ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ። ህንድ ከሁለት ቀን በኋላ በጥገና ወቅት የደረሰ ብልሽት ነው አለች፣ ኦገስት ላይ ሦስት የአየር ኃይል መኮንኖች ተባረሩ። ሁለቱም ኑክሌር ያላቸው አገሮች ናቸው እንግዲህ!

ሞተር አንባቢ፦
ፍጥነት ሁለት ስለት አለው የምለው ለዚህ ነው። በ4 ደቂቃ ውስጥ ማን ለማን ደውሎ "በስህተት ነው" ይላል?

ስለ ኮሪያዎቹ ባጭሩ። የደቡቡ ህዩንሙ-3 ቶማሃውክን ይመስላል፣ የሩቁ ዓይነት 1,500 ኪሎ ሜትር ይባልለታል። የሰሜኑ በሴፕቴምበር 2021 አዲስ ክሩዝ ሚሳይል ሞከርን ብሎ 7,580 ሰከንድ በሮ 1,500 ኪሎ ሜትር ላይ መታ አለ። አካፍሉት፣ በሰዓት 712 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ቁጥሩ እርስ በርሱ ይስማማል፣ ለትንሽ ቱርቦፋን የሚጠበቅ ፍጥነት ነው። ሞተሩን ከየት አገኙት የሚለው ነው የሚያስጨንቀኝ።

ጠርጣራው፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ህንድ ብራህሞስን የምታህል ነገር ካላት ከድምፅ በታች ያለውን ለመሥራት ለምን ያን ያህል ተቸገረች? ኒርባይ የሚሉት ሚሳይሏ ስንት ጊዜ ወደቀ።

ሞተር አንባቢ፦
ከላይ ስል የቆየሁት ነገር ነዋ። ኒርባይ ማርች 12 ቀን 2013 መጀመሪያ ሲሞከር ከመንገዱ ወጥቶ አየር ላይ እያለ እንዲጠፋ ተደረገ። ኦክቶበር 2014 ተሳካ፣ ከዚያ ደግሞ ወደቀ ተነሳ። ሞተሩ የሩሲያ 36ኤምቲ ነበር። የብራህሞስ ራምጄትም ከሩሲያ ነው የሚመጣው። ቤንጋሉሩ ያለው የጋዝ ተርባይን ምርምር ተቋም ማኒክ የሚባል ትንሽ ቱርቦፋን ለመሥራት ዓመታት ፈጀ፣ በኤፕሪል 2024 ሚሳይሉ በማኒክ ተነድቶ የተዋጣለት በረራ አደረገ። ማርስ ድረስ ሳተላይት የላከች አገር ናት እኮ ይሄን ሁሉ የለፋችው፣ 100 ኪሎ ለማይሞላ ሞተር። ቱርክም ሶም የሚባለውን ክሩዝ ሚሳይሏን በፈረንሳይ ሞተር ጀምራ ነው ካሌ የሚባለው ኩባንያዋ የራሷን የሠራላት።

ደፋሩ፦
እሺ ተቀብያለሁ፣ ግን ባቡር አሁንም ቶማሃውክን ይመስላል 😂

ሞተር አንባቢ፦
ይመስላል፣ ማን አይመስልም አለ? የጅራቱን ታች ፎቶ ካገኘህ ለጥፈውና አየር ማስገቢያውን አብረን እንየው።